ሌከርስና ሴልቲክስ፦ ፉክክሩ በእውነት ፉክክር የሆነው መቼ ነው?

ፌርፋክስ ማዶ | ሎስ አንጀለስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድማችን «የሌከርስና የሴልቲክስ ፉክክር ማለት ማጂክና በርድ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የአንድ ወገን ጨዋታ ነው» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። የ80ዎቹን ከዋክብት፣ የሌከርሱን ማጂክ ጆንሰንንና የቦስተን ሴልቲክሱን ላሪ በርድን ማለቱ ነው። እዚያው ልመልስለት ጀመርኩና ስለረዘመ ራሱን የቻለ ክር ከፈትኩ። የሌከርስ ደጋፊ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ቡድኖች በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ 12 ጊዜ ተገናኝተዋል። ቦስተን 9 ጊዜ፣ ሌከርስ 3 ጊዜ አሸነፈ። ሦስቱም የሌከርስ ድሎች ከ1985 ወዲህ የመጡ ናቸው። ከ1959 እስከ 1984 ስምንት ጊዜ ገጥመናቸው ስምንቱንም ተሸንፈናል። ታዲያ አንዱ ሁልጊዜ እያሸነፈ፣ ሌላው ሁልጊዜ እየተሸነፈ ፉክክር ይባላል ወይ? እኔ ይባላል ባይ ነኝ። እንዲያውም ፉክክሩን የወለደው ሽንፈቱ ነው። በ60ዎቹ ቦስተኖችን እንቅልፍ ይነሳቸው የነበረው ያኔ በሌላ ቡድን የሚጫወተው ግዙፉ ዊልት ቻምበርሌን እንጂ ሌከርስ አልነበረም። ቂሙን ይዞ የኖረው የእኛ ወገን ነው።

ከሥሩ እንጀምር። ሌከርስ መጀመሪያ የሚኒያፖሊስ ቡድን ነበር። በግዙፉ ጆርጅ ማይካን ዘመን ከ1949 እስከ 1954 አምስት ዋንጫ ሲወስድ ቦስተን አንድም አልነበረውም። ማይካን ሲያቆም ሚዛኑ ተገለበጠ። በ1956 የቦስተኑ አሰልጣኝ ሬድ አወርባክ ኤድ ማኮሊንና ክሊፍ ሄገንን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ ቢል ራስልን አመጣ። ከዚያ በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ። በ1959 ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ፤ ቦስተን 4 ለ 0 አሸነፈ (ፍጻሜው እስከ ሰባት ጨዋታ ይሄዳል፤ አራት የቀደመ ዋንጫውን ይወስዳል)። በዓመቱ ሌከርስ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፣ ወጣቱ ጄሪ ዌስትም ያን ጊዜ መጣ።

ራስል ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያገባውን ነጥብ ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም። ሌሎች ረጃጅም ተከላካዮች የተወረወረውን ኳስ በጥፊ መትተው ወደ ተመልካቹ ይልኩታል። ራስል ግን ኳሱ ሜዳ ውስጥ እንዲቀር አድርጎ ነበር የሚመታው፤ ወይ ራሱ ይይዘዋል፣ ወይ አጠገቡ ያለ ጓደኛው። ወዲያው ለጓደኛው ለቦብ ኩዚ ያቀብላል፣ የተጋጣሚው ቡድን ዞር ሳይል ቅርጫቱ ተቆጥሯል። ሌከርስ ኤልጂን ቤይለርንና ዌስትን የመሰሉ ሁለት አስደናቂ ነጥብ አግቢዎች ነበሩት፤ ከቅርጫቱ ሥር ግን ራስልን የሚመጥን ሰው አልነበረውም።

እንደዚያም ሆኖ 1962 በእጃችን ገብቶ ነበር። ቤይለር ያን ዓመት ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ፣ በፈቃድ እየወጣ ነበር የሚጫወተው፤ በመደበኛው ውድድር 48 ጨዋታ ብቻ ነው ያደረገው። ፍጻሜው ላይ በአምስተኛው ጨዋታ፣ እዚያው ቦስተን ጋርደን ውስጥ፣ 61 ነጥብ አገባባቸው። ሰባተኛው ጨዋታ 100 ለ 100 ሆኖ የመጨረሻው ኳስ ፍራንክ ሴልቪ እጅ ገባ። ሴልቪ ማለት በኮሌጅ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያገባ ሰው ነው። ከግራ ጥግ ወረወረ፣ ብረቱን ነክቶ ወጣ፣ ራስል ያዘው። በተጨማሪ ሰዓት 110 ለ 107 ተሸነፍን። ራስል በዚያ ጨዋታ 30 ነጥብና 40 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ነበረው። ያ ኳስ ገብቶ ቢሆን የሁለቱ ክለቦች ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

በ1963፣ በ1965፣ በ1966፣ በ1968 ያው ነው። የ1966ቱ ሰባተኛ ጨዋታ 95 ለ 93 ነው ያለቀው፤ አንዲት ቅርጫት!

የእኔ መልስ ግን 1969 ነው። እሾህን በእሾህ ብለው ሌከርሶች ቻምበርሌንን አመጡ። ዌስት፣ ቤይለር፣ ቻምበርሌን ባንድ ቡድን። ቦስተን ደግሞ አርጅቷል፤ በምሥራቁ ምድብ አራተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፣ ራስልም ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበር። አራተኛውን ጨዋታ ሳም ጆንስ በመጨረሻዋ ሰከንድ ሚዛኑን ስቶ በወረወረው ኳስ 89 ለ 88 ነጠቁን። ሰባተኛው ጨዋታ በሜዳችን ሆነ። የክለቡ ባለቤት ጃክ ኬንት ኩክ ለድሉ ብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊኛዎች ጣሪያው ሥር አሰቀለ፣ የማርሽ ባንድ አዘዘ፣ የበዓሉን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ወረቀትም አሳተመ። ወረቀቱ ራስል እጅ ገባ፤ ለተጫዋቾቹ አነበበላቸው። ከዚህ በላይ ምን ማነሳሻ ያስፈልጋል?

ከዚያ ቻምበርሌን አምስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ጉልበቱን ታምሞ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ልመለስ ሲል አሰልጣኙ ቫን ብሬዳ ኮልፍ አይሆንም አለው። በመጨረሻው ላይ ከቦስተኑ ሃቭሊቼክ እጅ ተነክቶ የወጣው ኳስ ጓደኛው ዶን ኔልሰን ጋ ደረሰ፤ ወረወረው፣ የቅርጫቱን የኋላ ብረት መትቶ ወደ ላይ ነጠረና ተመልሶ ገባ። 108 ለ 106። ዌስት 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድ፣ 12 አሲስት (ለሚያገባ ጓደኛ ያቀበለው ኳስ) አድርጎ ተሸነፈ። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎም እሱ ተመረጠ፤ ከተሸነፈ ቡድን ተመርጦ እስከ ዛሬ ሌላ ሰው የለም። ለእኔ ፉክክሩ ያን ምሽት ነው የተወለደው። የእናንተስ?

---

አረንጓዴው ቤት | ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ

ወንድሜ ፌርፋክስ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። «ቦስተን አንድም አልነበረውም» ስትል የሚኒያፖሊስን አምስት ዋንጫ ለሎስ አንጀለስ እየቆጠርክ ነው። 17 ዋንጫ አለን ትላላችሁ፤ አምስቱ ሎስ አንጀለስ ያላየቻቸው ናቸው። 18 ለ 12 ነው ትክክለኛው ሂሳብ።

ፉክክሩ የተጀመረው ደግሞ በ1984 ነው። ፉክክር ሁለት የሚፈራራ ወገን ይፈልጋል። በ60ዎቹ እኛ አንፈራችሁም ነበር፣ አንተም ራስህ አምነሃል። በ84 ግን ፈርተናችኋል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ቦስተን መጥታችሁ አሸነፋችሁ። ሁለተኛውንም ይዛችሁት ነበር፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ሁለት ነጥብ እየመራችሁ ጄምስ ወርዚ ያቀበለውን ኳስ ጄራልድ ሄንደርሰን ሰርቆ አገባና አቻ ሆነ፣ በተጨማሪ ሰዓት አሸነፍን። በሦስተኛው 137 ለ 104 አዋረዳችሁን። ማጂክ ብቻውን 21 አሲስት! ያን ምሽት ላሪ በርድ የገዛ ጓደኞቹን ወኔ የላችሁም ብሎ በጋዜጠኞች ፊት ሰደባቸው። አራተኛው ጨዋታ ላይ ኬቪን ማክሄል ለማግባት የሮጠውን ከርት ራምቢስን አንገቱ ላይ በክንዱ ይዞ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ሆነ።

---

ፌርፋክስ ማዶ

ሚኒያፖሊስን አትቁጠር ካልክ የ1959ኙን 4 ለ 0ም አትቁጠርና በፍጻሜ ግንኙነት 8 ለ 3 በሉ። አንዱን ስትፈልጉ መውሰድ፣ ሌላውን ስትፈልጉ መተው አይሆንም።

---

ሮክስበሪ 84 | ቦስተን

ልጆች፣ ደስ የሚል ክር ከፍታችኋል። በ1984 ቦስተን ተማሪ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከጨዋታው ውጪ ያለውን ልጨምር።

አምስተኛው ጨዋታ የተደረገበትን ሙቀት ሰምታችሁ ይሆናል። ቦስተን ጋርደን የአየር ማቀዝቀዣ የሌለው ያረጀ አዳራሽ ነበር፣ ውስጡ 97 ዲግሪ ፋራናይት ደረሰ፤ በእኛ 36 ማለት ነው። የሌከርሱ ካሪም አብዱልጀባር ወንበር ላይ ተቀምጦ በጭንብል ኦክስጅን ሲወስድ በቴሌቪዥን ታየ። በርድ ግን 34 ነጥብና 17 ሪባውንድ። ገጠር ያደገ ልጅ ስለሆነ ሙቀቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። 121 ለ 103 አሸነፉ፤ ሰባተኛውንም 111 ለ 102።

ነገር ግን እኔ በምኖርበት በሮክስበሪ ጥቁሩ ሕዝብ ባብዛኛው የሚደግፈው ሌከርስን ነበር። ለእንግዳ ሰው ይገርማል፤ የገዛ ከተማቸው ቡድን አይደል? ምክንያቱ ከጨዋታው ይሰፋል። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1974፣ ፍርድ ቤት ተማሪዎች ከሠፈር ሠፈር በአውቶቡስ ተጉዘው አብረው እንዲማሩ ሲያዝ የጥቁር ልጆች አውቶቡስ በድንጋይ የተወገረባት ከተማ ናት። በርድ፣ ማክሄል፣ ኤይንጅ ነጮች ናቸው፤ ከወዲያ ማጂክ፣ ካሪም፣ ወርዚ። ሰው የራሱን ቁስል ጨዋታው ውስጥ አየው።

ይሁን እንጂ «ሴልቲክስ የነጭ ቡድን ነው» የሚለውን ወሬ አልቀበልም፤ ታሪኩ አይፈቅድም። በኤንቢኤ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት) ጥቁር ተጫዋች መጀመሪያ የመረጠው ሴልቲክስ ነው፤ ቸክ ኩፐር፣ 1950። አምስት ጥቁሮችን ባንድ ላይ አሰልፎ ጨዋታ የጀመረው የመጀመሪያው ቡድን ሴልቲክስ ነው፤ በታኅሣሥ 1964። የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ራስል ነው። በ84 ራሱ ቦስተንን ያሰለጠነው ኬ ሲ ጆንስ ጥቁር ነው። ችግሩ ክለቡ ጋ ሳይሆን ከተማዋ ጋ ነበር። ራስል ያን ሁሉ ዋንጫ ሲያመጣላት አዳራሹ ሙሉ በሙሉ አይሞላም ነበር፤ ሬዲንግ ባለው ቤቱ ሰብረው ገብተው አበላሽተውበታል። በ1972 ማሊያው ለክብሩ አዳራሹ ውስጥ ሲሰቀል ሕዝብ ባለበት አይሆንም አለ፤ በሩ ተዘግቶ ከጓደኞቹ ጋር ብቻ ሆነ። ራስልን የምታደንቁ ልጆች ይህንን አብራችሁ እወቁ።

---

አረንጓዴው ቤት

ጋሼ እናመሰግናለን። ስለ ማሊያው አሰቃቀል አላውቅም ነበር።

---

ሕሊና ሰባት ቁጥር | ዋሽንግተን ዲሲ

ጋሼ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ያ የዘር ቁስል በኤልጂን ቤይለርም ሕይወት ውስጥ አለ። በ1959፣ ገና ጀማሪ ሳለ፣ ቻርልስተን ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ሆቴሉ ጥቁሮችን አላሳድርም ስላለ ቤይለር አልጫወትም ብሎ በተራ ልብሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያ የጄሪ ዌስት የትውልድ ግዛት ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ የማይነጣጠሉ የቡድን ጓደኞች ሆኑ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ዓመት በዓመት በቦስተን የሚሸነፉት። በ1971 ቤይለር ጉልበቱ አልሆን ብሎት ጨዋታ ሲያቆም ሌከርስ በቀጣዩ ጨዋታ ማሸነፍ ጀመረና 33 ተከታታይ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ፣ ዋንጫውንም ወሰደ። እሱ ግን ተጫዋች ሆኖ ዋንጫ ሳያነሳ ቀረ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ እኔ 1985 ነው የምለው። ሁላችሁም የተሸነፈውን ነው የምታወሩት፤ የተነሳውንስ ማን ያውራ? የመጀመሪያው ጨዋታ ቦስተን ላይ 148 ለ 114 አለቀ። የቦስተኑ ስኮት ዌድማን 11 ወርውሮ 11ዱንም አገባ። የ38 ዓመቱ ካሪም 12 ነጥብና 3 ሪባውንድ ብቻ ነበረው፤ አርጅቷል፣ አበቃለት ተባለ። ካሪም የጨዋታውን ፊልም ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ስህተቱን አንድ በአንድ ተመለከተ፣ ልምምድ ላይ ከወጣቶቹ እኩል ሮጠ። ለሁለተኛው ጨዋታ ሲሄዱ አባቱ በቡድኑ አውቶቡስ አብሮት እንዲሄድ አሰልጣኙን ፓት ራይሊን ጠየቀ። ደንብ አጥባቂው ራይሊ ፈቀደ፤ ንግግሩንም ስለ አባትና ልጅ አደረገው። ካሪም ያን ቀን 30 ነጥብ፣ 17 ሪባውንድ፣ 8 አሲስት። ስድስተኛውን ጨዋታ እዚያው ጋርደን ውስጥ 111 ለ 100 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። ከዚያ በፊት ማንም እንግዳ ቡድን በዚያ ሜዳ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም ነበር። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችም ያ «ሽማግሌ» ሆነ።

ሁለተኛው ወገን እስኪያሸንፍ ድረስ እኮ ፉክክሩ ክፍት ሒሳብ ነው።

---

ፌርፋክስ ማዶ

እህቴ ሕሊና፣ የ1985ቱን ነገር እንዲህ አድርጎ የጻፈ አላየሁም። የዚያን ቡድን ሥራ አስኪያጅ ማን እንደነበር ልብ በይልኝ፤ ጄሪ ዌስት ነው። ሜዳ ላይ ስድስት ጊዜ ያጣውን ቢሮ ተቀምጦ አገኘው።

የ1987ቱንም አንርሳ። አራተኛው ጨዋታ፣ ጋርደን ውስጥ፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን ማጂክ ማክሄልና ፓሪሽ ተረባርበውበት የካሪምን ዓይነት መንጠቆ ውርወራ በእነሱ ላይ አሳለፈው። 107 ለ 106። በርድ ሰከንዶች ቀርተው ሳለ ባዶ ሆኖ ወረወረ፤ ለጥቂት ሳተ። ማክሄል ያን ፍጻሜ በተሰበረ እግር ነው የተጫወተው፤ ይህን ክብር ለአረንጓዴው ቤት እሰጣለሁ።

---

ማለዳ | አዲስ አበባ

ወገኖቼ፣ እኛ እዚህ ያለን የዚህ ዘመን ልጆች ስለ ሴልቪ ምን እናውቃለን? የእኛ 2008 እና 2010 ነው። ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ ማየት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ። የኮቢ ትውልድ ነን።

በ2008 አራተኛውን ጨዋታ አልረሳውም። ሌከርስ በሜዳው በ24 ነጥብ ይመራ ነበር። ቦስተን ተመልሶ 97 ለ 91 አሸነፈ። ስድስተኛውንማ አታንሱት፤ 131 ለ 92። የቦስተኑ ፖል ፒርስ ደግሞ ኢንግልዉድ ውስጥ፣ ያኔ የሌከርስ አዳራሽ በነበረበት ሠፈር፣ ሌከርስን እየደገፈ ያደገ ልጅ ነው። እሱ ነው የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የቀበረን።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ኬቪን ጋርኔትን ሚኒሶታ ለቦስተን ለምን ሰጠችው? ሌላ ፈላጊ ጠፍቶ ነው?

---

አረንጓዴው ቤት

ማለዳ፣ የሚኒሶታ ሥራ አስኪያጅ ያኔ ማን ነበር መሰለህ? ኬቪን ማክሄል! የቦስተኑ ደግሞ ዳኒ ኤይንጅ። የ80ዎቹ የቡድን ጓደኛሞች ናቸው። እርግጥ ቦስተን አምስት ተጫዋችና ሁለት የድራፍት ዕጣ ሰጥቷል፤ በነጻ አይደለም። ሬይ አለንም በዚያው ሰሞን ከሲያትል መጣ። ሌከርስም ከጥቂት ወራት በኋላ ፖው ጋሶልን ከሜምፊስ ወሰደ። እንደ ድሮው ሁለቱም ቡድን ሌላው ምን አደረገ እያለ ነበር የሚገነባው።

2010 ግን የእኛ ነበር። 3 ለ 2 እየመራን ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ኬንድሪክ ፐርኪንስ ጉልበቱ ተጎዳ። ሰባተኛው ላይ በሦስተኛው ሩብ በ13 ነጥብ እንመራ ነበር። ከዚያ የቅጣት ውርወራ ቁጠሩ፤ ሌከርስ 37፣ ቦስተን 17። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

---

ፌርፋክስ ማዶ

የቅጣት ውርወራውን ስትቆጥር ሪባውንዱንም ቁጠር፤ 53 ለ 40። ከዚህ ውስጥ 23ቱ በእናንተ ቅርጫት ሥር የተያዙ ናቸው። ኮቢ ከ24 ውርወራ 6 ብቻ አገባ፣ እጁ እምቢ አለው፤ ግን በቁመት ሳይሆን በወኔ 15 ሪባውንድ ሰበሰበ። ጋሶል በ2008 ለስላሳ ነው ተብሎ ተሰድቦ ነበር፤ ያን ምሽት 19 ነጥብና 18 ሪባውንድ ያዘ። ሮን አርቴስት መጨረሻ ላይ ያገባት ባለ ሦስት ነጥብ ጨዋታውን ዘጋችው። 83 ለ 79። ፐርኪንስ ቢኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ግን አልከራከርህም፤ ቅርጫት ሥር የጎደለው እሱ ነው።

ኮቢ አምስት ዋንጫ አለው፤ ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው ያለው ቦስተንን ያሸነፈበትን ነው። ከ1969 እስከ 2010 ያው ቂም ነው ወንድሜ።

---

ሕሊና ሰባት ቁጥር

ቂም ትላላችሁ፤ ተጫዋቾቹ ግን ከደጋፊው የተሻለ ልብ ነበራቸው። በ1969 ሰባተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ጆን ሃቭሊቼክ ዌስትን አቅፎ እወድሃለሁ ነው ያለው። በ1971 ሎስ አንጀለስ ለዌስት የክብር ምሽት ስታዘጋጅ ራስል ድረስ መጥቶ በሕዝብ ፊት አመሰገነው። በርድና ማጂክም በ1985 በርድ አገር፣ ፍሬንች ሊክ፣ የጫማ ማስታወቂያ ሲቀርጹ የበርድ እናት ምሳ አብልታቸው ነው የተዋደዱት። እስከዚያ ድረስ ሰላምታም አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

---

ፌርፋክስ ማዶ

እውነት ነው። ዌስት ያረፈው ሰኔ 12 ቀን 2024 ነው፤ ቦስተን 18ኛውን ዋንጫ ዳላስን አሸንፎ ያነሳው በአምስተኛው ቀን። ከዚያ በፊት 17 ለ 17 እኩል ነበርን።

---

ማለዳ

እሺ፣ አሳምናችሁኛል፤ የድሮዎቹን ማየት አለብኝ። ከየትኛው ልጀምር? አንድ ብቻ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ነጻ ነኝ።

---

ሮክስበሪ 84

ልጄ፣ የ1984ን አራተኛ ጨዋታ ሙሉውን እይ፤ ቅንጭብጫቡን አትይ። የማክሄልና የራምቢስ ነገር ሦስተኛው ሩብ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌከርስ እንዴት እንደሚሮጥ ልብ ብለህ ተመልከት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሩጫው እንዴት እየቀነሰ እንደሄደ። መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ማጂክን ተከተለው፤ ፓሪሽ ኳሱን ይነጥቀዋል፣ በተጨማሪ ሰዓት ደግሞ ሁለት የቅጣት ውርወራ ይስታል። 129 ለ 125 ነው የሚያልቀው። እሁድ የሕሊናን 1985 ሁለተኛ ጨዋታ ጨምርበት፤ በአንድ ዓመት ልዩነት ካሪም ምን እንደሆነ ታያለህ።